የጎንደርን የማለዳ አየር በምን እንለካ? ሶዳር፣ ላይዳር፣ ማማና ፊኛ ሲነጻጸሩ

በታኅሣሥ ጠዋት፣ 1 ሰዓት ገደማ፣ ጎሃ ኮረብታ ላይ ወጥታችሁ ከተማዋን ቁልቁል ተመልከቱ። ከየቤቱ የሚወጣው ጭስ ቀጥ ብሎ ሽቅብ ይጀምራል። ትንሽ ከፍ ይልና ጣሪያ የገጠመው ይመስል ወደ ጎን ይተኛል። ነፋስ የለም፤ ጭሱም የትም አይሄድም። ፀሐይዋ ስትበረታ፣ ብዙ ቀን 3 ሰዓት አካባቢ፣ ያ ጣሪያ ይፈርሳል። ጭሱ ይበተንና ሰማዩ ይጠራል።

በበጋ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ስለሚል መሬቱ ሙቀቱን ወደ ላይ እየለቀቀ ይቀዘቅዛል። መሬቱን የነካው አየርም አብሮት ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው። ከየዳገቱ እየተንሸራተተ ወደ አንገረብና ወደ ቀሃ ሸለቆ ይወርዳል። ሞቅ ያለው ከላይ ይቀራል። የለመድነው ነገር ይገለበጣል ማለት ነው፤ ከታች ብርድ፣ ከላይ ሙቀት። ለጭሱ እንደ ድስት ክዳን ይሆንበታል።

ክዳኑ ስንት ሜትር ላይ ነው? ስንት ሰዓት ይከፈታል? ከሱ በላይ ያለው ነፋስ ወዴት ነው? ይህን የሚጠይቀው ብዙ ሰው ነው። የአየር ብክለት የሚያጠና ተማሪ ይጠይቃል። የአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ የጠዋት ጭጋግ የሚያሳስበው ይጠይቃል። በነፋስ ኃይል ማመንጨት የሚያስብ መሐንዲስም እንዲሁ።

በቅርቡ አንድ መምህር ወዳጄ ሦስት ፕሮፎርማ ይዞ መጣ። አንዱ በድምፅ የሚለካው የሶዳር፣ አንዱ በሌዘር ብርሃን የሚለካው የላይዳር፣ አንዱ የነፋስ መለኪያ ማማ። «የቱን እንግዛ?» አለኝ። ሦስቱም ሻጮች የየራሳቸውን ዕቃ እያሞገሱ ነው የጻፉት። «በስንት ሰዓት ያለውን አየር ነው ማወቅ የምትፈልጉት?» ብዬ መልሼ ጠየቅሁት። ግር አለው። የመጀመሪያው ጥያቄ ግን እሱ ነው። ይህን የጻፍኩት እሱን መሰል ሰዎች ጨረታ ከማውጣታቸው በፊት እንዲያነቡት ነው።

መጀመሪያ መስፈርቱ

ካታሎግ ከመክፈታችሁ በፊት ወረቀት አውጡና እነዚህን ጻፉ።

ምን መለካት ትፈልጋላችሁ? ነፋስ፣ ሙቀት እና የክዳኑ ከፍታ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሦስቱንም በአንድ ዋጋ የሚሰጥ ርካሽ መሣሪያ የለም። እስከ ስንት ሜትር? ለከተማ ጭስ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ 200 ወይም 300 ሜትሮች ይበቃሉ። ለነፋስ ተርባይን ከ40 እስከ 200 ሜትር። ለአየር ትንበያ ግን ኪሎ ሜትሮች ያስፈልጋሉ።

ሰዓቱና ወቅቱ? ይህን ሰው ይዘለዋል፤ ጎንደር ላይ ግን ከሁሉም በላይ የሚወስነው እሱ ነው። አንዱ መሣሪያ በክረምት ይደክማል፣ ሌላው በበጋ።

ቦታው? ሜዳ ነው ወይስ ገደላ ገደል? አጠገቡ ቤት፣ ዛፍ፣ ደወል አለ? ደምቢያ ሜዳ ላይ የሚሠራ ነገር ከተማው ጥግ ላይ ላይሠራ ይችላል።

ከዚያ መብራቱ፣ ጥበቃው፣ መለዋወጫው ይመጣል። የመግዣውን ዋጋ ብቻ አታወዳድሩ። የ3 ዓመት ወጪ አስሉ።

ሶዳር፦ አየሩን ጠርቶ መልሱን የሚሰማ

ልጅ ሆነን ገደል አፋፍ ላይ ቆመን ስማችንን ስንጣራ የገደል ማሚቶ ይመልስልን ነበር። ሶዳርም እንደዚያ ነው። ልዩነቱ ገደሉ አየሩ ራሱ መሆኑ ነው።

መሣሪያው አጭር ጩኸት ወደ ላይ ይለቃል። ጩኸቱ ጆሮ የሚሰማው ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ1,000 እስከ 5,000 ሄርዝ ባለው ውስጥ (ሄርዙ በጨመረ ቁጥር ድምፁ ይቀጥናል)። አየር አንድ ዓይነት አይደለም፤ ሞቅ ያለና ቀዝቀዝ ያለ እየተቀላቀለ ነው የሚኖረው። ድምፁ እነዚህን ትንንሽ የሙቀት ልዩነቶች ሲያገኝ ጥቂቱ ተበትኖ ይመለሳል። 2,000 ሄርዝ የሆነ ድምፅ የሞገዱ ርዝመት 17 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። መልስ የሚሰጠው የዚያ ግማሽ፣ 8 ሳንቲ ሜትር ተኩል የሚያህል የሙቀት ዝብርቅርቅ ነው።

መልሱ የቆየበት ጊዜ ከፍታውን ይነግራል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚሄድ 500 ሜትር ደርሶ ለመመለስ 3 ሰከንድ ይፈጅበታል። ነፋሱን የሚነግረው ደግሞ የድምፁ ቅጥነት ነው። ባጃጅ ጡሩምባዋን እየነፋች ስታልፋችሁ ድምፁ ከቀጭን ወደ ወፍራም ሲዞር ሰምታችኋል። ዶፕለር የሚባለው እሱ ነው። በ2,000 ሄርዝ ላይ፣ በሰከንድ 1 ሜትር ወደ መሣሪያው የሚመጣ አየር ድምፁን 12 ሄርዝ ያህል ያቀጥነዋል። አንድ ጨረር ቀጥታ ወደ ላይ፣ ሁለት ደግሞ ዘመም ብለው ይላካሉ። ከሦስቱ የነፋሱ አቅጣጫና ፍጥነት በየከፍታው ይሰላል። ብዙ ጊዜ የ10 ደቂቃ አማካይ ነው የሚወሰደው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የፊዚክስ ሊቁ ጆን ቲንዳል በ1870ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ ባሕር ዳርቻ መርከቦችን በጭጋግ የሚያስጠነቅቅ ጡሩምባ ሲሞክር ከጠራ አየር ማሚቶ ሲመለስ ሰምቷል። በ1968 እ.ኤ.አ. ማካሊስተር የሚባል ተመራማሪ አውስትራሊያ ውስጥ የታችኛውን አየር መልክ በወረቀት ላይ በድምፅ ሣለው። በዓመቱ ጎርደን ሊትል አሜሪካ ውስጥ ዘዴው ምን ያህል እንደሚያዋጣ በስሌት አሳየ። የዛሬው ሶዳር የዚያ ልጅ ነው።

ለጎንደር ማለዳ ሶዳር የሚመችበት ዋናው ምክንያት ይኸውላችሁ። የምንፈልገው ክዳን ራሱ ብርድና ሙቀት የሚጋጠሙበት ቦታ ነው። ሶዳር ደግሞ የሚያየው ያንኑ ነው። ሌሊት ላይ ስክሪኑን ብታዩት እንደ እንጀራ የተነባበሩ ድርብርቦች ይታያሉ። ቀን ላይ መሬቱ ሲሞቅ ሽቅብ የሚወጡ ምሰሶዎች ይሆናሉ። ድርብርቡ ወደ ምሰሶ ሲለወጥ ክዳኑ ተከፈተ ማለት ነው። በደቂቃ ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ ችግሮቹ።

የመጀመሪያው የበጋ ደረቅነት ነው። ደረቅ አየር ቀጭን ድምፅን ይበላል። በ15 ዲግሪ ሙቀትና በባሕር ወለል ግፊት የአየሩ እርጥበት 80 በመቶ ሲሆን 4,000 ሄርዝ የሆነ ድምፅ በኪሎ ሜትር 24 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ያህል ያጣል። እርጥበቱ ወደ 20 በመቶ ሲወርድ 89 ዴሲቤል ይሆናል። 2,000 ሄርዝ ላይ ግን ከ8 ወደ 28 ነው የሚወጣው። 200 ሜትር ደርሶ የሚመለስ ድምፅ 400 ሜትር ይጓዛል፤ ስሌቱን ራሳችሁ ሥሩት። ስለዚህ ሻጩ «እስከ 200 ሜትር ያያል» ያላችሁ ቀጭን ድምፅ ያለው ትንሽ ሶዳር በየካቲት ከሰዓት በኋላ ግማሹን ላይደርስ ይችላል። ማለዳ ላይ ግን ቅዝቃዜው እርጥበቱን ስለሚያነሳው ይሻለዋል። ለእኛ አገር ደጋ በ2,000 ሄርዝ አካባቢ የሚሠራውን ጠይቁ። አንቴናው ይገዝፋል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ግን ይደርሳል።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት ላርም። «ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ሳስቶ ድምፅ ይዘገያል» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። አይዘገይም። የድምፅን ፍጥነት የሚቀይረው ሙቀቱ ነው እንጂ ከፍታው አይደለም። 8 ዲግሪ በሆነ ጠዋት 336 ሜትር በሰከንድ፣ 26 ዲግሪ በሆነ ከሰዓት 347 ሜትር ነው። 3 በመቶ ልዩነት ማለት ነው። ሶዳሩ የቦታውን ሙቀት ራሱ እየለካ የሚያስተካክል መሆኑን አረጋግጡ። የሳሳው አየር የሚያመጣው ሌላ ጣጣ ነው። አየሩ ከባሕር ወለሉ አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚቀል ከዚያው ስፒከር የሚወጣው ድምፅ ትንሽ ይደክማል።

ሁለተኛው ችግር ጎረቤት ነው። ከዓመታት በፊት ከጓደኞቼ ጋር በስፒከርና በማይክሮፎን የተሠራ አንድ መለማመጃ ሶዳር ጣሪያ ላይ አቁመን ነበር። በየ6 ሰከንዱ «ጭው» ይላል። በሦስተኛው ቀን ጎረቤታችን እማማ መጡ። «ልጆቼ፣ ይኼ ወፍ አይተኛም እንዴ?» አሉን። አውርደን ወደ ሌላ ቦታ ወሰድነው። የፋብሪካ ሶዳር ደግሞ አንቴናው አጠገብ ከ100 ዴሲቤል ሊያልፍ ይችላል። ከመኖሪያ ቤት ቢያንስ ግማሽ ኪሎ ሜትር ካልራቀ አትሞክሩት።

ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል። ሌሊቱን በድምፅ ማጉያ የሚሰማው ማኅሌትና ቅዳሴ፣ አዛን፣ ውሻ፣ የጭነት መኪና፣ ሁሉም ወደ ማይክሮፎኑ ይገባል። በጥምቀት ሰሞን፣ ከጥር 10 እስከ 12፣ ከተማ ውስጥ ያለ ሶዳር ዳታውን ከወዲሁ እንደጠፋ ቁጠሩት። በዓሉን አክብሩ፣ ማሽኑን አጥፉት።

ሦስተኛው የውሸት ማሚቶ ነው። የኛ መለማመጃ 60 ሜትር ላይ ሁልጊዜ ዜሮ ነፋስ ያሳይ ነበር። ሁለት ሳምንት ከተጨቃጨቅን በኋላ ወንጀለኛው ከጎን ያለው ባሕር ዛፍ ሆኖ ተገኘ። ጨረሩ በጎን በኩል ስለሚያፈስ ዛፉም፣ ፎቁም፣ ምሰሶውም መልስ ይሰጣል። ቆሞ የሚመልስ ነገር ደግሞ «ነፋስ የለም» ነው የሚለው።

አራተኛው ዝናብ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ጠብታው አንቴናው ላይ እየመታ ሁሉንም ያደነቁረዋል። የክረምቱን አየር ለማጥናት ከሆነ ሶዳርን ብቻ አምናችሁ አትቀመጡ። በመጨረሻም፣ ፀሐይ ስትወጣና ስትጠልቅ አየሩ ለጥቂት ጊዜ አንድ ዓይነት ሙቀት ሲይዝ መልሱ ይደክማል። ያኔ ክፍተት ብታዩ ማሽኑ ተበላሸ አትበሉ።

«ራስ»፦ ድምፅና ራዲዮ ሲተባበሩ

ጎንደር ውስጥ ራስ ሲባል መኳንንት ነው የሚታሰበን። ይኼኛው መሣሪያ ነው፤ ስሙ ከእንግሊዝኛው RASS የመጣ ነው። ሶዳር ሙቀቱን በዲግሪ አይነግራችሁም፤ ልዩነት መኖሩን ብቻ ነው የሚያሳየው። «ራስ» ግን ይነግራል። ድምፁን ወደ ላይ ይለቅና በራዳር ይከታተለዋል። ድምፁ በየከፍታው ምን ያህል እንደፈጠነ ከታወቀ ሙቀቱ ይታወቃል፤ ፍጥነቱ በሙቀት ነውና። የድምፁ ሞገድ የራዳሩ ሞገድ ግማሽ መሆን አለበት። 915 ሜጋ ሄርዝ ለሆነ ራዳር 2,000 ሄርዝ አካባቢ የሆነ ድምፅ ይገጥመዋል።

ውጤቱ የሚያምር ነው። ግን ውድ ነው፣ የራዲዮ ሞገድ ፈቃድ ይፈልጋል፣ የሚጠግነው ሰውም በቀላሉ አይገኝም። ለአንድ ትምህርት ክፍል አልመክረውም።

ላይዳር፦ ዝምተኛው

ላይዳር በድምፅ ፈንታ የማይታይ የሌዘር ብርሃን ይልካል። ብርሃኑን የሚመልሱለት አየሩ ውስጥ የተንሳፈፉ ብናኞች ናቸው። የነፋስ ላይዳር ከ40 እስከ 200 ወይም 300 ሜትር ድረስ በደንብ ያያል። አይጮህም። ደወልና ውሻ አይረብሹትም። ትናንሾቹ ከ50 እስከ 100 ዋት አካባቢ ነው የሚበሉት፤ ሶላርና ባትሪ ይችሏቸዋል። በፒክ አፕ ተጭኖ ሄዶ በቀኑ ሥራ ይጀምራል።

ከተማ መሀል መለካት ግድ ከሆነ ክርክር የለም፤ ላይዳር ነው። የበጋው ጭስ ደግሞ ይጠቅመዋል። ሰውን የሚያስለው ብናኝ ለላይዳር ምግቡ ነው።

ድካሙ በክረምት ነው። ዝናብ አጥቦ ያጠራው አየር ውስጥ ብናኝ ሲያንስ መልሱ ይሳሳል። ጉምና ወፍራም ጭጋግ ደግሞ ብርሃኑን ይውጡታል። ከዚያ ዋጋው አለ፤ ከትንሽ ሶዳር በግልጽ ይበልጣል። ሲበላሽ ወደ ፋብሪካው ነው የሚላከው። ዕቃ ወደ ውጭ ልኮ፣ በጉምሩክ አሳልፎ መልሶ ማስገባት ምን እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ላይዳርም ሶዳርም ጨረራቸውን ዘመም ነው የሚያደርጉት። 30 ዲግሪ ያዘመመ ጨረር 100 ሜትር ከፍታ ላይ 115 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ይሠራል። ስሌቱ «በዚህ ክብ ውስጥ ነፋሱ አንድ ዓይነት ነው» ብሎ ያስባል። ደምቢያ ሜዳ ላይ እውነት ነው። ተራራ ጫፍ ላይ ግን በአንድ በኩል ነፋሱ ሽቅብ፣ በሌላው ቁልቁል ይሄዳል። ያኔ ብዙ በመቶ የሚደርስ ስህተት ይመጣል። ሻጩ ይህን ካልነገራችሁ ጠይቁት።

ለጭሱ ከፍታ ብቻ ከሆነ የምትጨነቁት ሲሎሜትር የሚባል ቀለል ያለ ዘመድ አለው። የደመና ከፍታ ለመለካት አውሮፕላን ማረፊያዎች የሚጠቀሙበት ነው። ነፋስ አይለካም። የጭስና የአቧራ ንብብር ግን ያሳያል። መሬት አጠገብ ያሉትን የመጀመሪያዎቹን ጥቂት አሥርታት ሜትሮች ማየት ይቸግረዋል፤ የኛ ክዳን ዝቅ ያለ ቀን ያመልጠዋል።

ማማ፦ አሮጌው ግን የሚታመነው

ምሰሶ ታቆማላችሁ፣ ነፋስ መለኪያና ቴርሞሜትር በየከፍታው ታስራላችሁ። አለቀ። የአየር ጠባይ ጣቢያዎች ነፋስ የሚለኩበት ዓለም አቀፍ ከፍታ 10 ሜትር ነው። ለነፋስ ኃይል ደግሞ 60፣ 80 ሜትርና ከዚያ በላይ ይቆማል።

ማማ ዝናብም፣ ደወልም፣ ደረቅ አየርም አይገደውም። የሚለካው የነካውን ነው። ለዚህ ነው ለተርባይን ብድር የሚሰጡ ሰዎች የሚያምኑት። የተርባይን ኃይል የሚለካበት ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይ.ኢ.ሲ. 61400-12-1፣ በ2017 (እ.ኤ.አ.) እትሙ እንደ ሶዳርና ላይዳር ያሉትን ከሩቅ የሚለኩ መሣሪያዎች ፈቅዷል። ግን ገደላ ገደል ላልሆነ ቦታ ነው፣ ያውም ከአጭር ማማ ጋር። ጎንደር ዙሪያ ደግሞ ሜዳ ስንት አለና!

ክፋቱ ለክዳኑ አጭር ነው። 10 ሜትር ምሰሶ ክዳኑን አያየውም፤ ከሥሩ ቆሞ ብርዱን ብቻ ይናገራል። 80 ሜትር ማማ ደግሞ መሬት፣ መሠረት፣ የመወጠሪያ ሽቦ፣ ማስጠንቀቂያ መብራት ይፈልጋል። አዘዞ አካባቢ ከሆነ የአቪዬሽን ፈቃድ አለ። ገመዱንና ባትሪውን የሚጠብቅ ዘበኛም በጀት ውስጥ ይግባ።

ፊኛ

ራዲዮሶንድ በፊኛ ታስሮ የሚወጣ ትንሽ መለኪያ ነው፤ ሙቀት፣ እርጥበት፣ ግፊትና ነፋስ ከመሬት እስከ 30 ኪሎ ሜትር ድረስ ይለካል። በጥራት የሚወዳደረው የለም። ግን በሰከንድ 5 ሜትር ያህል ነው የሚወጣው፤ የምንፈልገውን 300 ሜትር በ1 ደቂቃ አልፎት ይሄዳል። አንድ ጊዜ ተለቆ አይመለስም። በየቀኑ ገንዘብ መልቀቅ ነው።

ዓለም አቀፍ የመልቀቂያ ሰዓቶቹ በኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓትና ከቀኑ 9 ሰዓት ናቸው። ክዳኑ ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ባለው ነው የሚከፈተው። ድራማው ሲካሄድ ፊኛው የለም ማለት ነው። በራሳችሁ ሰዓት ለአንድ ሳምንት ብትለቁ ግን ሌላውን መሣሪያ ለማመሳከር ወርቅ ነው።

ድሮንስ ትሉኝ ይሆናል። ቴርሞሜትር አስሮ ሽቅብ ማውጣት ለቴክኒኩ ቀላል ነው። ፈቃዱ ግን ራሱን የቻለ ፕሮጀክት ነው።

የድሃው መንገድ፦ ዳገቱን እንደ ማማ

ይህን አማራጭ ማንም ሻጭ አይነግራችሁም፤ የሚሸጠው ነገር የለውማ። ጎንደር ዳገት ናት። ከሸለቆው ሥር እስከ ኮረብታው ጫፍ በየ40 ወይም 50 ሜትር ከፍታ ልዩነት አንድ ራሱን የሚመዘግብ ትንሽ ቴርሞሜትር አስቀምጡ። ፀሐይ እንዳይመታው ነጭ መከለያ አድርጉለት። ስድስት ወይም ሰባት ይበቃል። ሌሊት ላይ የላይኛው ከታችኛው ሞቆ ከተገኘ ክዳኑ አለ። ጠዋት የትኛው መጀመሪያ እንደሚሞቅ ስታዩ ክዳኑ እንዴት እንደሚፈርስ ይገባችኋል።

በዳገቱ ላይ ያለው አየር ከመሬት የራቀው አየር አይደለም፤ መጠነኛ ልዩነት አለው። ነፋስም አይነግራችሁም። ግን ለመመረቂያ ጽሑፍ ከበቂ በላይ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ማንኛውም ፕሮጀክት በዚህ አንድ በጋ ቢጀምር፣ በኋላ ውዱን መሣሪያ የት እንደሚያቆም ያውቃል።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | የሚለካው | ከፍታ | የሚደክምበት | ወጪ |
|---|---|---|---|---|
| ትንሽ ሶዳር | ነፋስ፣ የክዳኑ መልክ | እስከ 200 ሜትር | ደረቅ ከሰዓት፣ ዝናብ፣ ጫጫታ | መካከለኛ |
| ትልቅ ሶዳር | ነፋስ፣ የክዳኑ መልክ | 500 ሜትርና በላይ | ዝናብ፣ ጎረቤት፣ ዛፍ | ከፍተኛ |
| «ራስ» | ሙቀት በዲግሪ | ብዙ መቶ ሜትር | ጎረቤት፣ ፈቃድና ጥገና | በጣም ከፍተኛ |
| የነፋስ ላይዳር | ነፋስ | ከ40 እስከ 300 ሜትር | ጉም፣ የጠራ የክረምት አየር፣ ገደላማ ቦታ | ከፍተኛ |
| ሲሎሜትር | የጭስና የደመና ንብብር | ኪሎ ሜትሮች | መሬት አጠገብ፣ ነፋስ የለውም | መካከለኛ |
| 10 ሜትር ማማ | ነፋስና ሙቀት ከመሬት አጠገብ | 10 ሜትር | ክዳኑን አያይም | ዝቅተኛ |
| 80 ሜትር ማማ | ነፋስና ሙቀት | 80 ሜትር | ግንባታ፣ ፈቃድ፣ ጥበቃ | ከፍተኛ |
| ራዲዮሶንድ | ሁሉንም | እስከ 30 ኪሎ ሜትር | ሰዓቱን ይስታል፣ አይመለስም | በየልቀቱ |
| ቴርሞሜትር በዳገት | ሙቀት | እንደ ዳገቱ | ነፋስ የለውም | በጣም ዝቅተኛ |

ማን ምን ይግዛ

*ተማሪ ወይም አነስተኛ በጀት ያለው ክፍል።* ቴርሞሜትር በዳገት ላይ፣ ከ10 ሜትር ማማ ጋር። ከተረፈ ተማሪዎቹ በስፒከር ሶዳር ይሥሩ። ነፋስ በትክክል አይለካላቸውም፤ ግን ማሚቶ ከባዶ ሰማይ ሲመለስ በጆሯቸው ይሰማሉ። የሌሊቱን ጩኸት እማማዎቹን አስፈቅዱ።

*የጭስና የጤና ጥናት የሚሠራ መካከለኛ በጀት ያለው ቡድን።* እዚህ ላይ ነው ሶዳር ብዬ የምከራከረው። በ2,000 ሄርዝ አካባቢ የሚሠራ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ዛፍና ፎቅ በሌለበት፣ ግን በዚያው ሸለቆ አየር ውስጥ። ጎኑ 10 ሜትር ማማ ይቁም። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለውን ማለዳ በሚገባ ይሰጣችኋል። የክረምቱን ክፍተት ተቀበሉት፤ በክረምት የጭስ ክዳን ብዙም አያስጨንቀንም። ቦታው ካልተገኘና ከተማ መሀል መቆም ግድ ከሆነ ገንዘቡን አጠራቅሙና ላይዳር ግዙ። ሶዳርን ሰፈር ውስጥ ማስገባት ግን ጠብ መግዛት ነው።

*የነፋስ ኃይል።* በተራራ ጫፍ ከሆነ ማማ፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት። ላይዳሩን ለጥቂት ወራት ተከራይታችሁ ከማማው ጎን አቁሙና ከዚያ ወደ ሌሎቹ ጫፎች አዙሩት። ስሌታችሁ ውስጥ የሳሳውን አየር አትርሱ። እዚህ ከፍታ ላይ፣ በዚያው የነፋስ ፍጥነት፣ ኃይሉ ከባሕር ወለል 20 በመቶ ገደማ ያንሳል። ደምቢያ ወይም ጎርጎራ በኩል፣ ሜዳው ላይ፣ ከጣና የሚመጣውን ነፋስ ለማየት ከሆነ ግን ሶዳርም ላይዳርም ያለ ብዙ ጣጣ ይሠራሉ።

*አውሮፕላን ማረፊያ ወይም ትንበያ።* ጩኸቱን የሚቋቋም ክፍት ቦታ ስላለ ትልቅ ሶዳር ከሲሎሜትር ጋር ጥሩ ጥምር ነው። አውሮፕላን ሲነሳና ሲያርፍ ለጥቂት ደቂቃ ዳታው ይበላሻል፤ ያን ያህል አይደለም።

ፕሮፎርማው ላይ ከመፈረም በፊት

ወዳጄ በመጨረሻ ሻጮቹን የጠየቃቸው እነዚህን ነበር። ጥሬውን ዳታ ትሰጡናላችሁ ወይስ የተሰላውን ብቻ? ጥሬው ከሌለ የባሕር ዛፉን ማሚቶ በኋላ ማውጣት አይቻልም። ከ2,000 ሜትር በላይ በደረቅ ወራት የተለካ ናሙና አሳዩን፤ የባሕር ዳርቻ አገር ግራፍ አንፈልግም። መብራት ሲሄድ ራሱ ተነስቶ ይቀጥላል ወይስ ሰው መምጣት አለበት? ስፒከሩ ሲቃጠል እዚህ መቀየር እንችላለን? የሶዳር ትልቁ ውበቱ እዚህ ጋ ነው። ውስጡ ስፒከር፣ ማይክሮፎንና ኮምፒውተር ነው፤ ፒያሳ ያለ ጎበዝ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ከፍቶ ሊያየው ይችላል። ላይዳሩን ግን ከፍቶ የሚያየው የለም።

ከሦስቱ ሁለቱ ሻጮች ስለ ናሙናው ዝም አሉ። አንዱ ከከፍተኛ ቦታ የተለካ የሁለት ሳምንት ዳታ ላከ። ከሰዓት በኋላ ላይ ትልቅ ክፍተት ነበረበት፣ አልደበቀውም። ወዳጄ አሁን ከሱ ጋር ነው እየተነጋገረ ያለው። እስከዚያው ሰባት ቴርሞሜትር ገዝቶ ዳገቱ ላይ እየሰቀለ ነው።